ቀዳዳው ሲሰፋ ነዳጁ ይቀንሳል

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን በስፖርት ገጻችሁ ላይ ስለ ድራግ ሬስ (ሁለት መኪኖች በአጭር ቀጥ ያለ መንገድ ስለሚሽቀዳደሙበት ውድድር) የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ከእግር ኳስ ውጭ የሆነ ነገር በአማርኛ ማንበብ ብርቅ ነውና መጀመሪያ ደስ አለኝ። ጸሐፊያችሁ ስለ ድምፁ፣ ስለ ጎማው ጭስ፣ መሬቱ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ የጻፈው ቆንጆ ነው። ሱፐርቻርጀር (አየር በግፊት ወደ ሞተር የሚጠቀጥቅ ዕቃ) የገጠሙት የአልኮል መኪኖች ጋ ሲደርስ ግን ነገሩ ተበላሸ።

«ጉልበት ሲፈለግ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ይገጠምና ነዳጅ ይጨመራል» ይላል። ጭራሽ ተገልብጧል። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ቀዳዳው ያለው ትርፍ ነዳጅ ወደ ታንክ በሚመልሰው ቱቦ ላይ ስለሆነ ሲሰፋ ሞተሩ የሚያገኘው ነዳጅ ይቀንሳል። ይህ ትንሽ ስሕተት ይመስላል። ግን ሥራው በሙሉ የተንጠለጠለው እዚች ቀዳዳ ላይ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

እኔን ማን መካሪ አደረገኝ? አዲስ አበባ እያለሁ ፖምፒስታ ነበርኩ። የናፍጣ ፖምፓ አውርጄ፣ በትኜ፣ ለክቼ መልሼ መግጠም ነበር እንጀራዬ። ዕቃ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ስመላለስ ነው ወጣትነቴ ያለቀው። አሁን ሜሪላንድ ውስጥ በአዘቦት ቀን አውቶቡስ እጠግናለሁ። በሬስ ወቅት ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የአልኮል ፈኒ ካር ካላቸው አንድ የፔንሲልቬንያ ሽማግሌ ጋር ነኝ። ደመወዝ የለኝም። ሽማግሌው ምሳ ይጋብዙኛል፤ እሱም ሆት ዶግ ነው፤ ጾም ከሆነ እሱም ይቀራል። የእኔ ድርሻ ነዳጁ ነው። ፖምፓው፣ ቱቦው፣ ነዳጅ የሚረጨው ኖዝል፣ ቀዳዳው።

ለማያውቁት አንባቢዎች መኪናዋን ባጭሩ ላስተዋውቅ። ፈኒ ካር ከላይ ስታዩዋት የታወቀች መኪና ትመስላለች፤ ቆቡ ሲነሳ ግን ከሥሩ የብረት ቱቦ፣ አንድ ሰውና አንድ ትልቅ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ብቻ ነው ያለው። ሞተሩ ከ3,000 የፈረስ ጉልበት በላይ ያወጣል። ሩብ ማይሏን፣ ማለትም 402 ሜትሯን፣ በ5 ሰከንድ ተኩል ገደማ ትጨርሳለች። መጨረሻው መስመር ላይ ፍጥነቷ በሰዓት ከ420 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሞተሩ አናት ላይ የተቀመጠው ሱፐርቻርጀር ከክራንክሻፍቱ በሰፊ ቺንጋ እየተጎተተ አየር ወደ ሲሊንደሮቹ ይጠቀጥቃል። ነዳጁ ሜታኖል የሚባለው አልኮል ብቻ ነው። ናይትሮሜቴን የሚጠጡት ሌሎች ናቸው፤ እነሱን ለሌላ ቀን እንተዋቸው።

ስለ ሜታኖል ሁለት ቁጥር ብታውቁ ይበቃችኋል። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። አንድ ኪሎ ሜታኖል ግን 6.4 ኪሎ አየር ይበቃዋል። ስለዚህ በአንድ ዓይነት አየር ከእጥፍ በላይ ሜታኖል ማቃጠል ይቻላል። «ታዲያ ጉልበቱም እጥፍ ነዋ!» እንዳትሉ። አንድ ኪሎ ሜታኖል ውስጥ ያለው ኃይል ቤንዚን ውስጥ ካለው ግማሽ አይሞላም። ሲጣጣ ከአንድ ኪሎ አየር የሚገኘው ኃይል በሁለቱም ያው ለያው ነው።

ታዲያ ለምን ሜታኖል? ቅዝቃዜው ነዋ። ሜታኖል ከፈሳሽ ወደ ተን ሲለወጥ የሚበላው ሙቀት ከቤንዚን በሦስት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። እጃችሁ ላይ ቢፈስ (አይፍሰስ እንጂ) እንደ በረዶ ነው። ሱፐርቻርጀር አየር ሲጨምቅ አየሩ ይግላል፤ የጋለ አየር ደግሞ ሞተር ያፈነዳል። ሌላው መኪና ለዚህ ማቀዝቀዣ ራዲያተር ይገጥማል። የእኛ ማቀዝቀዣ ራሱ ነዳጁ ነው። ግማሹ ከሱፐርቻርጀሩ በላይ ይረጫል፣ ውስጡን እያቀዘቀዘ ይወርዳል። የቀረው እያንዳንዱ ሲሊንደር አፍ ላይ፣ ቫልቩ አጠገብ ይረጫል። ለዚህ ሲባል ከ6.4ም ወርደን ለአንድ ኪሎ ነዳጅ 4 ኪሎ አየር ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች አድርገን ነው የምንሄደው። ትርፉ ነዳጅ የሚገባው ለመቃጠል ሳይሆን ለማቀዝቀዝ ነው።

ግን ልክ አለው። ከመጠን በላይ ሲሆን ካንዴላው ይረጥባል፣ ሲሊንደሩ ይሞታል። የሞተ ሲሊንደር ውስጥ ደግሞ ነዳጅ መጠራቀሙ አይቀርም። ፈሳሽ አይታመቅም። ፒስተኑ ሲወጣ መሄጃ ያጣው ፈሳሽ ቴስታውን (የሲሊንደሮቹን ክዳን) ያነሳል ወይም ቢየላውን (ፒስተኑን የያዘውን ክንድ) ያጣምማል። ከመጠን በታች ሲሆን ደግሞ ይብሳል። አሉሚኒየሙ ፒስተን ዓይንህን ጨፍነህ እስክትገልጥ ይቀልጣል። እሳቱ በገባው በኩል ተመልሶ ሱፐርቻርጀሩ ውስጥ የተጠቀጠቀውን ድብልቅ ካገኘማ አለቀ፤ ብረቱ ከነቺንጋው ወደ ሰማይ ይሄዳል። ሱፐርቻርጀሩ በወፍራም ማሰሪያ ተጠፍሮ የታሰረው፣ ፍንዳታ ሲመጣ ቀድሞ የሚቀደድ ስስ የብረት መስኮትም የተበጀለት ለዚህ ነው። ጌጥ አይደለም።

እንግዲህ ወደ ቀዳዳዋ ልምጣ።

ነዳጁን የሚገፋው ፖምፓ ጥርስ ከጥርስ ተያይዞ የሚዞር ቀላል ነገር ነው። ከካምሻፍቱ ጋር ስለተያያዘ ሞተሩ ሁለት ሲዞር እሱ አንድ ይዞራል። በዞረ ቁጥር የተወሰነች መጠን ይገፋል፤ ሌላ ነገር አያውቅም። ድግስ ቤት ወጥ እንደሚያወጣ ሰው ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰሐን አንድ ጭልፋ፣ ሰውየው ራበው ጠገበ አይጠይቅም። ፖምፓው አየሩ ቀዝቃዛ ይሁን ሞቃት፣ ቦታው ባሕር ዳርቻ ይሁን ተራራ አያይም። የሚያየው ዙር ብቻ ነው። ደግሞ ሆን ተብሎ ሞተሩ ከሚፈልገው በላይ እንዲገፋ ነው የሚመረጠው።

ትርፉስ የት ይሄዳል? ተመልሶ ወደ ታንኩ። በመመለሻው ቱቦ ላይ አንዲት ትንሽ የናስ ክብ ትቀመጣለች። ፒል እንላታለን። ከትንሹ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም፤ መሐሏ ላይ አንዲት ቀዳዳ አለቻት፤ ፊቷ ላይ የቀዳዳዋ ስፋት በሺህኛ ኢንች ተመትቶበታል። ቀዳዳዋ ሰፊ ከሆነች ብዙ ነዳጅ ወደ ታንክ ይመለሳል፤ ለሞተሩ የሚተርፈው ያንሳል። ጠባብ ከሆነች መመለሻው ይጨናነቅና ነዳጁ በግድ ወደ ኖዝሎቹ ይሄዳል። ጸሐፊያችሁን ያሳሳተው የድሮ ካርቡሬተር ይመስለኛል። እዚያ ቀዳዳው ያለው መግቢያው ላይ ስለሆነ ሲሰፋ ይጨምራል። እዚህ መመለሻው ላይ ነው።

ሥራውን ላሳያችሁ። ከመነሻው መስመር ከመሄዳችን በፊት ሽማግሌው ከአየር ሁኔታ መለኪያዋ ተነስተው ይመጡና አንድ ቁጥር ይናገራሉ። ሌላ ቃል የለም። በቁልፍ የመመለሻውን ክዳን እፈታለሁ። ትንሽ ሜታኖል ይንጠባጠባል፣ በጨርቅ እቀበለዋለሁ። የድሮዋን ፒል በጥርስ መጎርጎሪያ በምታህል መንጠቆ አወጣታለሁ። አዲሷን ከሳጥኗ አነሳለሁ። ሳጥኗ ውስጥ ፒሎቹ በየቁጥራቸው ተደርድረዋል። ወደ ብርሃን አንስቼ ቀዳዳዋን አይባታለሁ፤ አንዲት የጨርቅ ክር ብትቀር የዛሬው ቀን እዚያው ያበቃል። ከዚያ ጮክ ብዬ ቁጥሯን አነባለሁ፣ ሽማግሌው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ገብታ ትታሰራለች። ስንት ሺህ ዶላር የወጣበት ሞተር ዕጣ በዚያች ናስ ነው የሚወሰነው።

ልዩነቷ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ነዳጅ የሚያልፍበት የቀዳዳው ስፋት የሚያድገው በዲያሜትሩ ካሬ፣ ማለትም ዲያሜትሩ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው ልክ ነው። ከ100 ሺህኛ ወደ 110 ሺህኛ ኢንች ብትሄድ፣ ለዓይን ምንም የማይመስል ለውጥ ነው፤ ነዳጅ የሚያልፍበት ስፋት ግን በ21 በመቶ ይጨምራል። ለዚህ ነው በአንድና በሁለት ሺህኛ የምንጨቃጨቀው።

ሽማግሌው ያችን ቁጥር ከየት አመጡት? ከአየሩ። ሱፐርቻርጀሩ በዞረ ቁጥር የሚውጠው የአየር መጠን በይዘት አይለወጥም፤ በክብደት ግን ይለወጣል። ጠዋት 15 ዲግሪ ሆኖ ከሰዓት በኋላ 32 ዲግሪ ቢደርስ፣ አንድ ዓይነት ይዘት ያለው አየር ክብደቱ ወደ 6 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ሜሪላንድ የኖረ ሰው እንደሚያውቀው ደግሞ ከሰዓት በኋላ አየሩ በእርጥበት ይታፈናል። የውሃ ተን የኦክስጅንን ቦታ ይዞ ይቀመጣል እንጂ አይቃጠልም። ፖምፓው ይህን አያውቅምና የጠዋቱን ያህል ነዳጅ መግፋቱን ይቀጥላል። ያን ጊዜ የሚያውቅለት ሰው ያስፈልገዋል። ሙቀቱን፣ እርጥበቱን፣ የአየሩን ግፊት ያነባል፣ ከድሮ ማስታወሻው ጋር ያስተያያል፣ ፒሏን አንድ ቁጥር ያሰፋታል።

ስለዚህ «ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ በነዳጅ ይካካሳል» የሚለው ዓረፍተ ነገራችሁም ቢሰረዝ ጥሩ ነው። አየር ሲሳሳ ነዳጅ ይቀነሳል። ዴንቨር አጠገብ ሞሪሰን የነበረው ባንዲሜር ስፒድዌይ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ያለ ነበር። በ2023 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ) ተዘጋ እንጂ ከባሕር ዳር ግዛቶች የሚመጡ ቡድኖች ሁሉ የሚፈሩት ቦታ ነበር። እዚያ ሲደርሱ ሰፋፊ ፒሎች ይወጡ ነበር። ደንቡ በፈቀደው መጠን ደግሞ ፑሊ (ቺንጋው የሚዞርበትን መንኮራኩር) ቀይረው ሱፐርቻርጀሩን ያፈጥኑት ነበር፤ የጎደለው አየር ነውና የሚካካሰውም በአየር ነው። አዲስ አበባ ከባንዲሜርም በላይ ናት። ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች አየሯ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ከአዋሽ የመጣ የቆየ መኪና አዲስ አበባ ሲገባ ለምን ጥቁር ጭስ እንደሚተፋ የኛ አገር መካኒክ ሁሉ ያውቀዋል። ጉዳዩ ያው ነው።

አንድ ፒል መርጦ መሄድ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም ሆት ዶጌን በልቼ ወንበሬ ላይ እቀመጥ ነበር። ችግሩ በ5 ሰከንዱ ውስጥ ያለው ነው። ፖምፓው ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ዙር በእጥፍ ሲጨምር ነዳጁም በእጥፍ ይጨምራል። የአየሩ ነገር ግን እንደዚያ ቀጥ ያለ አይደለም። ዙሩ ዝቅ ሲል በሱፐርቻርጀሩ ክፍተት አየር ወደ ኋላ ያመልጣል። መሐል ላይ በደንብ ይሞላል። ዙሩ ወደ 10,000 ሲጠጋ ደግሞ አየሩ በቅጡ ለመግባት ጊዜ ያጥረዋል፣ ይግላልም። እዚያ ላይ ፖምፓው ያለ ርኅራኄ መግፋቱን ስለማያቆም ሞተሩ በነዳጅ ይታፈናል። ለዚህ ሁለተኛ መመለሻ አለ። በሞላ የተዘጋ ነው። ግፊቱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ሞላው ይሸነፍና በሩ ይከፈታል፣ ትርፉ ይመለሳል። በሩ መቼ ይከፈት የሚለውን የምንወስነው ከሞላው ሥር ስስ ሮንዴላ (የብረት ቀለበት) በመጨመርና በመቀነስ ነው። ለፖምፒስታ ይህ ያደገበት ሰፈር ነው። ናፍጣ ፖምፓ ላይም የለፋሁት በሞላና በሮንዴላ ነበር።

ከዚህ ሌላ ሚኒሞውንና መሐከለኛውን የሚመጥን በርሜል መሳይ ቫልቭ አለ፤ ከነዳጅ መርገጫው ጋር አብሮ ይዞራል። በሰዓት ቆጣሪ የሚከፈቱ ትናንሽ መመለሻዎችም አሉ። መኪናዋ ከተነሳች በኋላ በዚህን ያህል ሰከንድ ይህ ይከፈት፣ ማርሽ ሲቀየር ያ ይዘጋ ተብሎ ይሞላሉ።

«ይኸው ኮምፒውተር!» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ሰዓት ቆጣሪው ቀድሞ ሰው የሞላውን ብቻ ነው የሚሠራው። ጎማ ቢንሸራተት፣ ሲሊንደር ቢሞት፣ ነፋስ ቢነሳ ግድ የለውም። በእኛ ምድብ መኪና ላይ የሚጫነው ኮምፒውተር መዝጋቢ ነው። የዙሩን፣ የነዳጁን ግፊት፣ የሱፐርቻርጀሩን ግፊት፣ የስምንቱንም ጭስ ማውጫዎች ሙቀት ይጽፋል። አያዝም። ከሩጫው በኋላ ሽማግሌው ስምንቱን መስመሮች ላፕቶፕ ላይ ጎን ለጎን ያያሉ። ሱፐርቻርጀሩ አየሩን ለስምንቱም እኩል ስለማያደርስ አንዱ ሲሊንደር ይግላል፣ ሌላው ይቀዘቅዛል። የጋለው ኖዝሉ በአንድ ቁጥር ይሰፋለታል። ልብ አድርጉ፣ ኖዝል ላይ ሲሰፋ ይጨምራል፤ ፒል ላይ ሲሰፋ ይቀንሳል። ጸሐፊያችሁ ግራ ቢጋባ አልፈርድበትም።

ላፕቶፑን ደግሞ ሽማግሌው ብዙ አያምኑትም። ስምንቱን ካንዴላዎች አስፈትተው በየተራ በማጉያ መነጽር ያያሉ። የካንዴላው ጫፍ ላይ ሙቀት የተወው ቀለም እስከ የት እንደወረደ ይለካሉ። ከዚያ በፊት ማንም አፉን አይከፍትም። እኔ በግሌ ከላፕቶፑ ይልቅ ካንዴላዋን አምናለሁ፤ ምናልባት እርጅና ይሆናል።

የሰው እጅ ሥራ መሆኑን የሚጠራጠር ካለ ስለ ጄይ ብሌክ ይጠይቅ። ጄይ ብሌክ በ1997 በደረሰበት አደጋ የሁለቱንም ዓይኖቹን ብርሃን ያጣ የማሳቹሴትስ መካኒክ ነው። ከዚያ በኋላ የአልኮል ፈኒ ካር ቡድን አቋቁሞ የቡድኑ ባለቤትና የመካኒኮቹ አለቃ ሆነ። ሞተሩን በእጁ እየዳሰሰ ነው የሚሠራው። ኮምፒውተር ብቻውን የሚያሽከረክረው ስፖርት ቢሆን ኖሮ የእሱ ጣቶች ምን ይሠሩ ነበር?

የዚህ ሁሉ ዕቃ ታሪክም ቢጻፍ ለስፖርት ገጻችሁ ማለፊያ ይሆን ነበር። ዛሬ የምንጠቀምበት የነዳጅ አረጫጨት መሠረቱ የተጣለው በ1940ዎቹ መጨረሻ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። ስቱዋርት ሂልቦርን የሚባል ሰው ያችን ዓይነት ፖምፓና ኖዝል ሠራ፤ መኪናው በ1948 በደረቅ ሐይቅ ወለል ላይ በሰዓት 150 ማይል፣ ወደ 241 ኪሎ ሜትር፣ አለፈ። የፎርድ ሞተር ነበር የያዘው። ሱፐርቻርጀሩ ደግሞ ይበልጥ ያስቀኛል፤ የመጣው ከእኔ ከአውቶቡስ ጋራዥ ነው። ጄኔራል ሞተርስ በ1938 ያወጣው ባለ ሁለት ምት የናፍጣ ሞተር አየር በራሱ መሳብ ስለማይችል የሚገፋለት ሱፐርቻርጀር ነበረው። ሞተሩ 6-71 ይባል ነበር፤ 6 ሲሊንደር፣ እያንዳንዱ 71 ኪዩቢክ ኢንች ማለት ነው። አውቶቡስ ላይ ነበር፣ የጭነት መኪና ላይ ነበር፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታንክና የወታደር ማውረጃ ጀልባ ላይም ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ልጆቹ ከወዳደቀ ብረት መሐል እያነሱ ቤንዚን ሞተር አናት ላይ ሰቀሉት። ዛሬም ለውድድር ተብሎ አዲስ የሚሠራው ትልቁ 14-71 እየተባለ ነው የሚጠራው፤ ባለ 14 ሲሊንደር እንዲህ ያለ የናፍጣ ሞተር ኖሮ አያውቅም። ቁጥሩ ብቻ እያደገ ቀረ። ሌላ ዓይነት፣ እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ሱፐርቻርጀርም አለ፤ የእኛ ሽማግሌ አሁን የሚጠቀሙት እሱን ነው። አውቶቡሱን ግን በክብር ያነሱታል።

አሁን ደብዳቤውን እንድጽፍ ያስገደደኝን ልንገራችሁ። ጽሑፋችሁን የወንድሜ ልጅ አዲስ አበባ ሆኖ አንብቦታል። በቴሌግራም ላከልኝና ከሥሩ፣ «ጋሼ፣ ቪትዟ ላይ ትንሽ ሜታኖል ብንሞክርስ?» አለኝ። ቪትዟ የእናቱ ናት። ጽሑፉ «አልኮል ሞተር ያቀዘቅዛል፣ ጉልበት ይጨምራል» ብሎ ካለፈ በኋላ ሌላ ምንም አላለም። ልጁስ ምን ያድርግ?

ስለዚህ ለእሱም ለሌሎቹም፦ የቪትዝ ኖዝልና ፖምፓ የተለካው ለቤንዚን ነው። ሜታኖል ከእጥፍ በላይ ይፈልጋል። የመኪናዋ ኮምፒውተር ትንሽ ያስተካክላል እንጂ እጥፍ ከየት ያመጣል? ሞተሩ በነዳጅ እጥረት ይግላል፣ ከዚያ ፒስተን ነው። ሜታኖል ደግሞ አሉሚኒየም ይበላል፣ ለሱ ያልተሠራ የጎማ ቱቦ ያበላሻል፣ ከአየር እርጥበት ይስባል። እኛ እንኳ የውድድሩ ቀን ሲያልቅ ነዳጁን አንጠፍጥፈን ፖምፓውን በዘይት ሳናጥብ ቤታችን አንሄድም። ከ2008 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ከቤንዚን ጋር 5 በመቶ፣ በኋላም 10 በመቶ እየተቀላቀለ የተሸጠው የፊንጫና የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ኤታኖል ነው። ያ ሌላ ነገር ነው፤ መጠኑም ትንሽ ነው። ሜታኖል መርዝ ነው። ጥቂት የጠጣ ሰው ዓይኑ ይጠፋል፣ ይሞታልም። በቆዳም ይገባል፤ ጓንት የምናደርገው ለዚህ ነው።

እሳቱ ደግሞ በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። በ1981 የኢንዲያናፖሊስ 500 ውድድር ላይ ሪክ ሚርስ ነዳጅ ሲሞላለት ፈሰሰበት፣ ተቀጣጠለ። ሰውየው እየተቃጠለ ይዘላል፤ ዙሪያው ያሉት መጀመሪያ ምን እንደነካው አላወቁም፤ ነበልባል የለማ። እሱ ተረፈ። እኛ ጋ ሁልጊዜ ሁለት ባልዲ ውሃ ነዳጁ አጠገብ ይቀመጣል። ሜታኖል ከውሃ ጋር ስለሚዋሐድ ውሃ ያጠፋዋል። ባልዲውን ረግጦ የሚያልፍ እንግዳ ሲመጣ ሽማግሌው የሚቆጡትን ቁጣ ብታዩ!

የምጠይቃችሁ እንግዲህ እርማት ነው። በሚቀጥለው እትም በዚያው ገጽ ላይ፣ በዚያው የፊደል መጠን ቢሆን ደስ ይለኛል። ከቦታ እጥረት የተነሳ ሁሉንም ማውጣት ካልተቻለ የሜታኖሉን መርዝነትና የእሳቱን ነገር አስቀድሙ፤ ፒሏ ትቆይ።

ጸሐፊያችሁ ደግሞ አንድ ቀን ፔንሲልቬንያ ወዳለው የሜፕል ግሮቭ ሬስ ሜዳ ብቅ ቢል መልካም ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ከሦስት ሰዓት አይበልጥም፤ በመኸር አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ጥሩ ሰዓት የሚመዘገበው ያን ጊዜ ነው። በትልልቆቹ ውድድሮች የመግቢያ ቲኬት የያዘ ሁሉ መካኒኮቹ ወደሚሠሩበት መግባት ይችላል። ሲመጣ ሾፌሩን ትቶ በአየር ሁኔታ መለኪያዋ አጠገብ የቆሙትን ሰው ይከተል። ሞተሩ ሲነሳ ጭሱ ዓይን ስለሚያቃጥል ነፋሱ ከጀርባው እንዲሆን አድርጎ ይቁም። የጆሮ መድፈኛም ይዞ ይምጣ፤ እዚያ የሚሸጡት ውድ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ